ያለ ስም

ማዕበሉ ባለፈ በሦስተኛው ጧት
ፌስቲ በሬን መታ፣ ሳል እያናወጣት
ያችን የሰማንያ ዓመት ደረት።
«ከረጢት ያዥ» አለኝ፤ ሌላ ቃል የለውም፤
እኔም ኮቴን ደርቤ ወጣሁ፣ አልጠየቅሁም።

ግማሽ ሰዓት መንገድ፣ ሞገድ በሞገድ፣
«ኤናን» የተባለው ጀልባው ሲወጣ ሲወርድ።
ኤናን ማነው? ብለው ወደብ ላይ ሲጠይቁ
«ዕዳ ያለብኝ ሰው» ይላል፤ ያልፋሉ እየሳቁ።

ኢኒሽፌርና ታየች ጭጋግ ተከናንባ፣
ውጪ እንዳደረች ላም፣ በረት ሳትገባ።
ስልሳ ዓመት ሆነ ጢስ ከታየባት፤
አሥራ አንድ ሰው ነበር ኋላ የተሰናበታት፣
አንዱም፣ ለማን እንደሆን እንጃ፣ ቤቱን ቆልፎባት።

የጸሎት ቤቷ ጣራ ከወደቀ ቆየ።
በምሥራቁ መስኮት፣ መስታወት በነበረበት
የባሕር ወፍ ጎጆዋን ሠርታ፣ ጫጩት ፈልፍላበት፣
ካህን በቆመበት ሳማ በቅሎበት፣
የድንጋዩ ገበታ የዝናብ ውሃ አቁሮበት።
ወፏ ስታየን ጮኸች፤ ባለቤት ናት፣
እኛ ነን እንግዳ።

በደቡብ በኩል ነው መቃብሩ የነበረ፣
ፀሐይ የሚያገኘው፣ በግንብ የታጠረ፤
ባለ ጀልባ፣ ባለ መሬት፣ ባለ ብዙ ዘመድ
ስሙን በጥቁር ድንጋይ አስቀርጾ የተኛበት።
አሁን ግን ባሕሩ እንደ ዳቦ ቆርሶት፣
የአንዱ ክርን ታየኝ ከገደሉ ወጥቶ፣
በመስኮት ብቅ እንዳለ፣ ጎረቤት ሊያይ ሽቶ።

ፌስቲ ተንበረከከ፣ ቆቡን አወለቀ፣
አጥንቱን በእጅጌው ጠርጎ አደረቀ።
«ይቅርታ» ይላል አንድ አንዱን ሲያነሣ፣
ሳያንኳኳ እንደገባ ሰው።
የኮት ቁልፍ፣
የሸክላ ፒፓ፣ ከነጥርስ ምልክቱ፣
መንጋጋ፣ ጎድን፤ ሁሉም ከረጢቴ ውስጥ ገቡ።
ቀላል ናቸው።
ሰው እንዲህ መቅለሉን ማንም አልነገረኝ።

«የት እንውሰዳቸው?» አልኩ።
በአገጩ ወደ ሰሜን አመለከተኝ።

በሰሜን፣ ከግንቡ ውጪ፣ ጥላ የማይለቀው
አንድ ጥግ መሬት አለ፣ ሰው ስሙን የማያነሣው፤
ጡጫ የምታህል ነጭ ድንጋይ የሞላው፣
ላንድ ሕፃን አንዲት ድንጋይ፣ ጽሕፈት የሌላት፣
ውሃ ሳይነካው ነፍሱ ለወጣችበት።
ካህኑ አላስገባም፤ ሕጉ እንዲያ ነበር።
አባቶች በሌሊት፣ ፋኖስ ከኮት ሥር
ደብቀው ይመጣሉ፤ በብብታቸው የሳሙና ሣጥን።
እናቶች አይሄዱም። ከመስኮት ሆነው
ብርሃኑ የት እንደቆመ ብቻ ይለካሉ፤
ሲነጋ ላም ያልባሉ።

የፌስቲ እናት ልትሞት ስታጣጥር
እንዲህ ብላው ነበር፦ «ከግንቡ ማእዘን
ሃያ ሁለት እርምጃ፤
ከዚያ ወደ ባሕር ሰባት።
የአባትህን እርምጃ ቁጠር፣ ያንተ ያጥራል።»

ያ የከለላቸው ግንብ ዛሬ በግማሽ ፈርሷል፤
በክፍተቱ አለፍን፣ እኔ ከረጢቱን አቅፌ።
በደሴቲቱ ላይ ባሕር ያልደረሰበት
ደረቅ አፈር ቢኖር የነሱ ብቻ ነው።
ባለ ስም፣ ባለ ጀልባ፣ ባለ ብዙ ዘመድ
ሳይጠመቁ በሞቱት በሕፃናቱ ደጅ
ደጅ ሊጠና መጣ፣ በድንች ከረጢት።

«ካህኑ አንድ ጊዜ ነው ውሃ የሚረጭ፤
ባሕሩ ግን በየክረምቱ ይረጫቸዋል» አለ፣
አካፋውን እየተከለ።

ቆፈርን። አለበስን። ሣሩን መልሰን ደለደልን።
እኔ እጄን ታጠብሁ። እሱ ቆጠረ፣
እግሩን እየዘረጋ፣ ያባቱን ያህል፤
ሃያ ሁለት፤ ሰባት፤
ካንዲት ነጭ ድንጋይ አጠገብ ተቀመጠ፣
ሽበቷን በአውራ ጣቱ ፋቀ፣
«ኤናን» አላት፣ «ጎረቤት አመጣሁልህ፤
ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ እንዳትፈራቸው።»

ውሃው መሸሽ ጀምሮ ጀልባው ሳያርፍ ተመለስን።
ፌስቲ እየቀዘፈ፣ እኔ ባዶ ከረጢት ታቅፌ፣
ከፊቴ የጀልባው ስም፣ ዘንድሮም በነጭ ቀለም
እንደ አዲስ የተጻፈ።

ያ ሕፃን ምን ተብሎ ተቀበረ? ለሚል፣
ያለ ስም ነው።
ጀልባው ላይ ያለ ስም።